ከዶብሪ ጋር የተቀበረው ፓስዎርድ

«ቀበራችሁት? ፓስዎርዱን ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከታችሁ ቀበራችሁት?»

«ፓስዎርድ ማን ቀበረ? ደብተር ነው የቀበርነው» አለች ስታንካ። «ይቺን የምታክል ደብተር። ሠላሳ ዓመት ከደረት ኪሱ ወጥታ አታውቅም። ወንድሜን ያለሷ ልሸኘው?»

«ሁሉም ነገር እሷ ላይ ነበራ የተጻፈው!»

«እኔ ምን አውቄ! መነጽሩን አደረግንለት፣ ሲጋራውን አደረግንለት፣ ደብተሯ ስትቀርበት ዝም የሚል ይመስልሃል? ዶብሪን አታውቀውም።»

ጌንቾ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሩሳ ዞረ። «ስልኩስ እትዬ ሩሳ? ስልኩ ላይ ቁጥር አይጠፋም እኮ።»

ሩሳ መሬት መሬት አየች። «ስልኩን የከተትኩት እኔ ነኝ።»

«ያውም ቻርጅ አድርገን!» አለች ስታንካ፣ የባልትና ሙያ እንደሚያወራ ሰው።

ጌንቾ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ሐዘን ቤት ነው። ደግሞ እሱ ራሱ አፍ የለውም፤ አባቱን የሸኙት በግራ ብብቱ ራኪያ የሚሉትን አረቄ አንድ ጠርሙስ፣ በቀኙ የመጫወቻ ካርታ ሸጉጠውለት ነው። ፔርኒክ ከተማ ውስጥ ባዶ እጁን የሚቀበር ሰው የለም።

ጌንቾ የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ነው የሚኖረው። ብሎን መፍቻ ይዞ ስለሚዞር ሕንጻው ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደሱ ይመጣል፦ ቴሌቪዥን፣ ልብስ ማጠቢያ፣ አንዴማ መናገር ያቆመ በቀቀን አምጥተውለታል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሊተኛ ነበር። ሩሳ ግን በጠዋቱ በሩን አንኳኩታ «ና ልጄ፣ የዶብሪን ኮምፒውተር ክፈትልኝ» አለችው። ጥቁር ሻሽ አስሮ የመጣን ሰው እንዴት አድርጎ እምቢ ይላል?

የፈለገችው ልጇን ነው። ያቮርን። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ልጁ ገና ሃያ ሳይሞላው፣ የእናቷን የወርቅ ጉትቻ ሰርቆ ሸጦ ዕፅ ገዝቶ በክንዱ ወጋው። ሩሳ ልብሱን ደረጃው ላይ በተነችና ዶብሪ ከባቡር ነጂነት ሥራው ሳይመለስ የበሩን ቁልፍ አስቀየረች። ከዚያ ወዲያ ስሙ በዚህ ቤት አልተነሳም። ግን እሑድ እሑድ ዶብሪ መኝታ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ በሁለት ጣቱ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ለማን እንደሚጽፍ ታውቃለች። እንዳትሰማ ብላ በሩ ሥር ወለል መጥረጊያውን ማሽን ታስጮህ ነበር። አሁን ዶብሪ የለም። የልጁ አድራሻ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አርባው ነው፤ ልጇ አባቱ መሞቱን ሰምቶ ለአርባው እንዲደርስ ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ኮምፒውተሩ ነጭ አንሶላ ለብሶ መኝታ ቤቱ ጥግ ቁጭ ብሏል። ዶብሪ የሞተ ዕለት መስተዋቱንም ቴሌቪዥኑንም ሲሸፍኑ ስታንካ ይሄንንም ከሶኬት ነቅላ ሸፍናዋለች። ነፍስ መስተዋት ውስጥ ራሷን እንዳታይ ነው አሉ። ጌንቾ አንሶላውን ገፈፈ፣ ሶኬቱን ሰካ፣ ማብሪያውን ተጫነ።

ጢጥ! አለ። ስክሪኑ ጠቆረና ነጭ ጽሑፍ ደረደረ።

ሩሳ አማተበች። «ምን አለ?»

ጌንቾን ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ነው ያባረረው፤ ወይ እሱ ነው ትምህርቱን ያባረረው፣ አይታወቅም። ይሄን ጽሑፍ ግን ደጋግሞ ስላየው ለይቶታል። «ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠፋኝ ነው የሚለው። ውስጡ ሰዓት የምትይዝለት ትንሽዬ ባትሪ አለች። ነቅላችሁ ስታስቀምጡት ሞተች።»

«እሷም?» አለች ሩሳ።

«ቀኑን ካልነገርነው አያሳልፈንም። ዛሬ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሦስት።»

የጌንቾ ጣት አየር ላይ ቀረ። «የወሩን ማለቴ ነው እትዬ።»

«የወሩን እኔ ምን አውቅልሃለሁ።»

ከስልኩ አይቶ ሞላው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አሰበ፣ አሰበ፣ በኋላ ሰማያዊ ሆነ። መሀሉ ላይ «ዶብሪ» የሚል ስም፣ ከሥሩ ባዶ ሳጥን። ፓስዎርድ አምጣ ነው።

«የልደቱን ቀን ሞክር» አለች ስታንካ። አይደለም።

«የሠርጋችንን» አለች ሩሳ።

«መቼ ነበር?»

«መስከረም አሥራ አራት።»

«አሥራ አምስት ነው!» አለች ስታንካ።

«ያገባሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«ቀሚስሽ ጠቦሽ ከኋላ በመርፌ ጠቅጥቄ ያቆምኩት እኔ ነኛ! አሥራ አምስት ነው!»

ጌንቾ ሁለቱንም ሞከረ። ሁለቱም አይደለም። የነዳውን ባቡር ቁጥር፣ የሞተችውን ውሻ ስም፣ የሚወደውን የኳስ ቡድን ሁሉ ሞከረ። አይደለም፣ አይደለም።

«ያቮር በለው» አለች ሩሳ።

ስታንካ አፏ ውስጥ ያለውን ብስኩት ማኘክ አቆመች። አሥራ ሁለት ዓመት ከሩሳ አፍ ያልወጣ ስም ነው። ጌንቾ ቀስ ብሎ ጻፈው። አይደለም። የትውልድ ዓመቱን ጨመረበት። እሱም አይደለም።

ይሄኔ ከሳጥኑ ሥር አንዲት መስመር ብቅ አለች። ሰው ፓስዎርድ ሲያወጣ ማሽኑ «ድንገት ብትረሳው ምን ብዬ ላስታውስህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ ዶብሪ የመለሰለት ነው። ጌንቾ አነበባትና በትከሻው ሊከልላት ሞከረ።

«ምንድን ነው?» አለች ሩሳ።

«ኧረ ምንም… ማሽኑ የሚቀባጥረው ነው።»

ስታንካ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ ጎንበስ አለች። ያቺ ሴትዮ ጎንበስ ስትል ደግ ነገር አይመጣም። «‹ሩሳ አታውቀውም› ነው የሚለው» አለች።

ከታች የሰው በር ሲዘጋ ተሰማ።

«እውነቱን ነው» አለች ሩሳ። «አላውቀውም። ቀጥል።»

ጌንቾ ከመፍቻዎቹ መሀል ፍላሽ አወጣ። አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ መሀል ሊፍት ውስጥ ሰው ሲታሰር ቁልፍ የሚጠይቀው የለም፣ ፈልቅቆ ነው የሚያወጣው። ይሄም ያው ነው። ግን መናገር አለበት። «እትዬ ሩሳ፣ ፓስዎርዱን ፈልጌ አላገኝልዎትም። ፍቄ ነው የማጠፋው። ከዚህ በኋላ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም።»

«ፋቀው።»

ፋቀው። ሩብ ሰዓት እንኳን አልፈጀበትም። ሰውየው በስንት ጥንቃቄ የዘጋው ነገር እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ተከፈተ፤ ጌንቾ ራሱ አፈረ።

ውስጡ ምንም የለም ማለት ይቻላል። «የባቡር ሰዓት» የሚል አንድ ፎልደር ብቻ አለ። ከፈተው። ባቡር የለም፣ ደብዳቤ ነው። እሑድ፣ እሑድ፣ እሑድ፣ ታች ድረስ ቢጎትተው አያልቅም። ጥቂቶቹ የልጁ መልሶች ናቸው። ከመጨረሻው መልስ ግርጌ ስልክ ቁጥር አለ።

«ይኸው! አገኘነው!»

ሩሳ ግን ቁጥሩን አላየችም። «ስለኔ ምን ብሎ ጽፏል?»

ጌንቾ ውሸት አፉ ላይ መጣለት፣ ጥሩ ውሸት፤ በዚህ ይታወቃል። ስታንካ ግን መነጽሯን አላወለቀችም። «‹እናትህ ደህና ናት› ይላል። ‹ስምህን አንስታ አታውቅም› ይላል።» ወደ ታች ጎተተችው። «እዚህም እንደዚሁ ነው። እዚህም።»

«እትዬ ስታንካ፣ በፈጠረዎት፣ ይቺን መነጽር ምነው ከወንድምዎ ጋር በሸኟት!» አለ ጌንቾ።

«በሆዴ አነሳው ነበር» አለች ሩሳ፣ ለማንም ሳይሆን። «በሆዴ እያነሳሁት እሱ እንዴት ይስማኝ? ደውል።»

«እኔ?»

«እኔ ከያዝኩት እዘጋዋለሁ።»

ጌንቾ በራሱ ስልክ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገውና በሁለት እጁ ይዞ አፏ ሥር አስጠጋላት። ጠራ። ጠራ። አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ በሰው አገር ቋንቋ አቤት አለ።

«ያቮር» አለች ሩሳ። «እናትህ ነኝ።»

ከወዲያ ሕፃን ልጅ ይስቃል። በር ተዘጋና የሕፃኑ ሳቅ ራቀ።

«አባትህ አርፏል ልጄ። ታኅሣሥ ላይ፣ በተኛበት፣ ሳይሠቃይ። የት እንዳለህ ባለማወቄ ነው ያልነገርኩህ፣ አድራሻህን ደብቆብኝ… አይ፣ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አርባው ነው። በሩ ክፍት ነው። የጉትቻውን ነገር ተወው፣ ማንም አያነሳብህም። ብቻ ና። አባትህ አፈር ሲለብስ ልጁ አጠገቡ አልነበረም አይባል።»

ስታንካ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ጌንቾ ስልኩን እንደያዘ ክንዱ ዛለ፣ ግን አላወረደውም።

«ነበርኩ» አለ ልጁ። «የአባባ የሥራ ጓደኛ ደውሎልኝ ለቀብሩ ደርሻለሁ። ለነፍሱ የተቀቀለውን ስንዴ መቃብሩ አጠገብ በማንኪያ መዳፌ ላይ ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ። ‹ነፍስ ይማር በል፣ የማን ልጅ ነህ?› አልሽኝ።»