የሠልስቱ ጠላ

«ጋኑን ድፉት» አለች ፈለቀች።

የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ብትናገርም ድንኳኑ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የተተከለ ስለሆነ ውጭ የተቀመጡት ሰሙ። ወሬያቸው ቆመ።

ዙፋን ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ሳህሌ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቀና ብላ የባሏን ታላቅ እህት አየቻት።

«ነገ ሠልስት ነው» አለች ፈለቀች። «ወንድሜን የፈጀውን ጠላ ለሰው ልታቀርቢ ነው?»

«ጠላው ምን አደረገ?» አለች ጎረቤቷ ድንቅነሽ። እጅጌዋን ሰብስባ የእድሩን ሳህን ታጥብ ነበር።

«በቀለን ጠይቂው። ያየው እሱ ነው።»

በቀለ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያያል። የጠየቀው የለም፤ ሁሉም አስቀድሞ ጠይቆታል።

ሳህሌ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ለዋጭ ነበር። ባቡር ወደየትኛው መስመር እንደሚገባ የሚለየውን የብረት ዘንግ የሚጎትተው እሱ ነው። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ጥጥ የጫኑ ሦስት ፉርጎዎች ወደ ፋብሪካው መስመር ወደኋላ ይገፉ ነበር። ሳህሌ ጀርባውን ሰጥቶ ሐዲዱ መሐል ቆሟል። በቀለ የፍሬን ሠራተኛ ነው፤ ወደ ሳህሌ በሚመጣው ፉርጎ ላይ ቆሞ ነበር። «ሦስት ጊዜ ጠራሁት» አለ ለጣቢያው ሹም። «ዞር እንኳ አላለም።»

በቀለ ከዚህ ሌላ አልተናገረም። የቀረውን ድንኳኑ ጨመረበት። ሳህሌ ጠጥቶ ነበር። ያጠጣችው ሚስቱ ናት። ጠላዋ ላይ አረቄ ትደባልቃለች።

ዙፋንን የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። አሥራ አንድ ዓመት ጠምቃለች። ጋኗን በግራዋ ቅጠል ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች፣ ገሾውን በእጇ ትለቅማለች። ገብሱ ከኦቦ መገርሳ ማሳ ነው የሚመጣው። አረቄ ደጇን ረግጦ አያውቅም። የባቡር ሠራተኛው፣ የፋብሪካው ሸማኔ፣ ከሞጆ የመጣው ነጋዴ ከጣቢያው ሲወጣ በሯ ላይ የተሰቀለውን ጣሳ አይቶ ይገባል። ለቅሶው ሲያልቅ ጣሳውን መልሳ ትሰቅላለች፤ ይህ ወሬ ከጸና ግን የሚገባ አይኖርም። ሌላ ሙያ የላትም።

ወሬውን የሚያቆመውን ነገር ታውቃለች። ላለመናገር ግን ለሟቹ ምላለታለች።

ሳህሌ ከሥራ ሲመለስ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ነበር። ጥጉ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሰው። ሌላው በጣሳ ሲጠጣ እሱ የሚይዘው የቀንድ ዋንጫ ነው። እየተጠራ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበር። ተጠይቆ ሌላ የሚመልስበትም ጊዜ ነበር።

«ሳህሌ፣ የዘንድሮዋ ገብስ እንዴት ነች?» ይለዋል አንዱ።

«ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። ጓዳ ናት።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «ገብሷን አግብቷታል» ይላሉ። «ተዉት፣ ጠግቧል።» እሱም ፊታቸውን እያየ አብሯቸው ይስቃል።

ዙፋን የእሱን ዋንጫ የምትሞላው ከሌላ ማንቆርቆሪያ ነበር። ያስተዋለ አልነበረም። በውስጡ ያለው ቅራሪ ነው፤ ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣ፣ ሕፃን እንኳ የሚጠጣው። የቀንድ ዋንጫ ውስጡን አያሳይም።

ምስጢሩን ያወቀችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ድፍድፍ የሞላ ጋን ስታዘዋውር ከእጇ አመለጣት። ጋኑ ወለሉ ላይ ሲፈርጥ በሩ ላይ የተኛው ውሻ ተነሥቶ ሮጠ። ሳህሌ ጀርባውን ሰጥቷት ጫማውን ይሰፋ ነበር። እጁ አልቆመም። ድፍድፉ ወለሉን ተከትሎ ሄዶ እግሩን ሲያረጥበው ብቻ ዞረ።

ያን ቀን ሁሉን ነገራት። ድሬዳዋ ጥገና ቤት ስምንት ዓመት ብረት ሲቀጠቅጥ ጆሮው ተጎድቷል። አቃቂ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የቀረውም እየሄደ ነው።

«ካወቁ ያባርሩኛል» አላት።

«ሥራህን እንዴት ትሠራለህ ታዲያ?»

«ሐዲዱን በእግሬ አውቀዋለሁ። መሬቱ ይነግረኛል። ጭሱንም ከድልድዩ ማዶ ሳለ አየዋለሁ።»

«ሰውስ ሲያናግርህ?»

«አፉን አያለሁ። ካልገባኝ ሰክሯል ይበሉኝ። የሰከረ ሰው ሲነጋ ይሰማል ብለው ይተዉታል።»

በገብርኤል አስማላት። ሞቼም ቢሆን አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅራሪውን ለብቻው ማስቀመጥ ጀመረች።

ኋላ የናፍጣው ባቡር መጣ። ጭስ የለውም። ፉርጎ ሲገፋ ደግሞ ከሩቅ መሬቱን አያንቀጠቅጥም። ዙፋን ይህን አስባ ፈርታ ነበር። አልተናገረችም።

በሠልስቱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንቅነሽ ጠላውን አጥልላ ጠብቃቸዋለች።

«ማን አዘዘሽ?» አለች ፈለቀች።

«ማንም። ካልቀረበ ጥፋቷን አምናለች ይባላል።» ወደ ዙፋን ዘወር አለች። «አንቺ እዚያው ተቀመጪ። ዛሬ የምታስተናግጂው አንቺ አይደለሽም።»

ማንቆርቆሪያውን ይዛ ድንኳኑ መሐል ቆመች። መዳፏ ላይ ትንሽ አፈሰሰች፣ ሁሉም እያያት ጠጣችው፣ አፏን ጠረገች። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጀምራ ቀዳች። እምቢ ያለ የለም። ጣሳውን ይቀበላሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ፣ እግራቸው መሐል መሬት ላይ ያኖሩታል። የጠጣም የለም።

ፈለቀች የራሷን ጣሳ ከሰሌኑ ውጭ አስቀመጠችው።

ኦቦ መገርሳ ጣሳውን አነሣ። ሰባ ዓመት አልፎታል። «ገብሱ የኔ ነው» አለ። «ከዚህ ተነሥቼ ብወድቅ እርጅና ነው፤ ጠላውን እንዳትከሱት።» እስከ ግማሽ ጠጣ።

የሳቀ አልነበረም። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው፣ «ገብሱን ሸጦላት ምን ይበል» ሲል ተሰማ። ሽማግሌው ሰምቷል። ጣሳውን አስቀመጠ።

ዙፋን ጣሳዎቹን አየች። ከሠላሳ በላይ ይሆናሉ። አረፋቸው እየሞተ ነው። ነገ ይህ ወሬ ጣቢያው ይደርሳል፤ ከነገ ወዲያ ፋብሪካው።

«በቀለ» አለች ፈለቀች። «አንተ ጓደኛው ነበርክ። አትጠጣም?»

«አልጠጣም።»

«ለምን?»

በቀለ ቆቡን በእጁ አዞረ። «እኔን አትጠይቁኝ። እሷን ጠይቋት።» ከዚያ ራሱ ጠየቃት፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ፊቷን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «ዙፋን፣ ምን አጠጣሽው? በሥላሴ ንገሪኝ። ፉርጎው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ጀርባውን ነው የማየው። ቢያንስ መስማት እስኪያቅተው ሰክሮ ነበር በይኝ።»

ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ዙፋን ሰው ሁሉ ስለ ጠላዋ የሚጠይቃት መስሏት ነበር፤ ይህ ሰው ግን የጠየቃት ስለ ራሱ ነው። ብትናገር እሱም የሚያርፍ መሰላት።

«ቅራሪ ነው ያጠጣሁት» አለች።

«ምን?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ጠላ አልቀመሰም። ዋንጫው ውስጥ የነበረው ቅራሪ ነው። ድንቅነሽ ትመስክር፣ አተላውን ከእኔ ጋር ያጠበችው እሷ ናት።»

«ቅራሪ ለብቻው ታስቀምጥ ነበር» አለች ድንቅነሽ በዝግታ። «ለማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።»

«ሳህሌ አይሰማም ነበር» አለች ዙፋን። «ጆሮው ሄዶ ነበር። እንዳያባርሩት ሰካራም መሰለ። እኔም አብሬው ዋሸሁ። ላልናገር ምዬለት ነበር፤ ይኸው ተናገርኩ።»

 የጣቢያው ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሥራ አንድ ዓመት ባቡር ሁሉ በዚያ ሰው እጅ አልፏል። አንድም ቀን መስመር አልሳተም።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች ፈለቀች።

«እኔ ካወቅሁ ሦስት ዓመት ነው፣ እትዬ።»

«ለእኔ አልነገረኝም።»

«ለማንም አልተናገረም።»

«አምና ለፋሲካ መጥቼ ቀኑን ሙሉ አወራሁት» አለች ፈለቀች። «ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም። ናፍቄው መስሎኝ ነበር።»

እጇን ዘርግታ ከሰሌኑ ውጭ ያለውን ጣሳ አነሣችና ጠጣች። ሳትተነፍስ ጨረሰችው። ኦቦ መገርሳም የቀረውን ግማሽ አነሣ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ገሾውን ምላሱ ላይ ያጣጣመ አንድ ሸማኔ ለጎኑ ሰው፣ «ንጹሕ ነው፣ አረቄ የሚሉት ከየት አምጥተው ነው?» አለ። ድንቅነሽ ማንቆርቆሪያውን ልትሞላ ወደ ጓዳ ገባች።

በቀለ አልነካውም።

«ሲያናግረኝ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ዞሮ ነበር የሚቆመው» አለ። ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «አክባሪ ሰው ነው እል ነበር።»

ዙፋን አየችው። ፊቱ ላይ የጠበቀችው ዕረፍት አልነበረም።

«ሐዲድ ለዋጭ ሲጠሩት ከመስመሩ ይወርዳል» አለ በቀለ። «ሥራችን እንዲህ ነው። ስለዚህ ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። ሦስተኛም ጠራሁት። የፍሬኑ መዘውር እጄ ሥር ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ ፋንታ ብጠመዝዘው ኖሮ ፉርጎው ሳይደርስበት ይቆም ነበር። ርቀቱ ይበቃል። ይሰማኛል ብዬ መዘውሩን አልነካሁም።»

የሚጠጡት ሰዎች ጣሳቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«አንድ ቀን እንኳ ብትነግሪኝ ኖሮ» አላት።

«አዎ» አለች ዙፋን።

  በቀለ ተነሣ፣ ቆቡን አደረገ፣ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥቶ ከድንኳኑ ወጣ። በጣቢያው በኩል ሲሄድ ታየ፤ ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ግራና ቀኝ አይቶ ተሻገረ።

ድንኳኑ ውስጥ ቀስ በቀስ ወሬ ተመለሰ። ጣሳ ከጣሳ ይጋጫል። አንዱ ድገሚኝ አለ። ድንቅነሽ እየቀዳች በቀለ ተቀምጦበት የነበረው ወንበር ዘንድ ደረሰች፤ እግሩ ሥር የተወው ጣሳ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ወደ ማንቆርቆሪያው ልትመልሰው ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለች ዙፋን።

ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሐዘንተኛ በመሆኗ ተቀመጪ ያሏት ነበሩ፤ አልሰማቻቸውም። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሰሌኗ ተመለሰች፣ ከጎኗ አስቀመጠችው፣ ዝንብ እንዳይገባበት የነጠላዋን ጫፍ አለበሰችው።