የፀጉር አስተካካዩ ግራ ጉንጭ

ትልቋ ልጅ በምትሠራበት ፎቶ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ያነሳችው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ። «ቀጥ ይበሉ፣ አገጭዎን ቀና፣ አይሳቁ» ትልና ፍላሹን ቦግ ታደርጋለች፤ ቀጣይ! በእሷ እጅ ያለፈ ሰው ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ይመስላል፤ ሁሉም ደንግጦ የቀረ። ከወር በፊት ግን አንድ አሮጌ ካሜራ ይዛ መጣችና «ከእንግዲህ የሰው ፎቶ ነው የማነሳው» ብላ አወጀች። እናቷ «እስከ ዛሬስ የበግ ነበር እንዴ?» አለቻት።

ሳቅ ግን ከዚያ ቤት ከጠፋ ሰንብቷል። አባትየውን ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መታው። እጅና እግሩ ሲመለስለት የፊቱ ግራ ወገን እንደወደቀ ቀረ፤ ዓይኑ ከደን፣ የከንፈሩ ጫፍ ወረድ ብሎ። ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ሲያሳምር የኖረ ፀጉር አስተካካይ የራሱን ፊት ለሰው ማሳየት ጠላ። ፀጉር ቤቱን ለባልደረባው ትቶ ቤት ዋለ፤ እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል። ይባስ ብሎ፣ ታናሽየዋ ልጅ ቅዳሜ ልትዳር እሱ ሆዬ «አልሄድም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

«በሰርጓ ፎቶ ላይ ይሄን ፊት ይዤ ልቀመጥና ልጄ ዕድሜ ልኳን እያየችው ትኑር? አላደርገውም።»

ሙሽሪት ሦስት ቀን አለቀሰች። እናት ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ተወችው። ሰውየው ወይ ፍንክች!

ትልቋ ልጅ ነች መላ ያመጣችው። አንድ ደህና ፎቶውን ቢያይ ልቡ ይመለሳል ብላ አሰበች። እሑድ ጠዋት «ለልምምድ ነው አባዬ፣ ሌላ ሰው አጣሁ» ብላ አባብላ ሳሎን አስቀመጠችው። እሱም የልጁ ሥራ ነውና እሺ አለ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ካሜራውን ገና ከማንሳቷ የፎቶ ቤቱ አመል ያዛት። ወንበሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ፣ አምፖሉ ሥር ፊት ለፊት ገትራ፣ ከተወለደች ጀምሮ «አንተ» ያለችውን አባቷን «ቀጥ ይበሉ! አገጭዎን ቀና!» ብላው አረፈች። ቦግ!

«ደንበኛሽ ሆንኩ ማለት ነው?» አለ አባቷ ሳቅ እያለ። «እስቲ አሳዪኝ።»

መደበቅ ነበረባት፤ አልደበቀችም። ፍላሹ ፊቱን ሊጥ አስመስሎታል፣ አምፖሉ ከዓይኑ ሥር ጥላ ጥሎበታል፣ የወደቀው ጉንጭ ከጤነኛው እኩል ተሰልፎ ይብሱን ወድቋል። አባቷ ካሜራውን ቀስ ብሎ መለሰላት።

«አየሽ ልጄ፣ ይሄን ነው ያልኩት።»

ላጽናናው ብላ ያቆሰለችው እሷ ራሷ ሆነች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እንባዋን ሲያይ ጊዜ ነው ሙያው የተነሳበት። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጥፋቱ የፊቴ ብቻ አይደለም!» ብሎ ብድግ አለ። «ለመሆኑ እኔ አምፖል ሥር ሰው አስቀምጬ ሳስተካክል አይተሽኝ ታውቂያለሽ? ከላይ የሚወርድ ብርሃን ሕፃኑንም ሽማግሌ ያደርገዋል። ነይ፣ ተቀመጪ!»

አምፖሉን አጠፋ። ወንበሩን ከግድግዳው አርቆ መስኮቱ አጠገብ አደረገው፤ ፀሐዩ ፊቷን እንዳይመታት ስሱን መጋረጃ ሳበ። ከዚያ አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የደንበኛ ጭንቅላት እንደሚያዞረው፣ ቀስ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዞራት።

«ትከሻሽ ወደዚያ፣ ፊትሽ ወደዚህ። አገጭ ዝቅ... በቃ። ሰው አገጩን ሲያቀና የሚታየው የአፍንጫው ቀዳዳ ነው። አሁን ተንፍሺ፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ምላጭ የፈራ ይመስላል።» ነጭ ፎጣ ጭኗ ላይ ዘረጋላት። «ይሄ ደግሞ ብርሃኑን ወደ አንገትሽ ሥር ይመልሰዋል። ደንበኞቼን ነጭ ጨርቅ የማለብሳቸው ለጌጥ መሰለሽ?»

ልጅት አፏን ከፍታ ቀረች። አስተማሪ ፍለጋ ስትዞር አስተማሪዋ ለካ ቤቷ ቁጭ ብሏል! ደግሞም ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።

ቦታ ተቀያየሩ። አባቷ ቀኝ ጉንጩን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ የወደቀው ግራው ጥላ ውስጥ ገባ። ፍላሹን አጠፋች። ቀጥ በል፣ ቀና በል ማለቱንም ተወችው። «የመጀመሪያ ደንበኛህ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ጆሮው ሊቆረጥ ለጥቂት ስለተረፈ አንድ መምህር ማውራት ሲጀምር ቀጭ አደረገች።

ይሄኛው ፎቶ ሌላ ነው። ብርሃኑ ሽበቱን ነካ አድርጎ፣ ጉንጩን አለስልሶ፣ ግራውን ጥላ ሸፍኖት፣ የድሮው አባቷ ቁጭ ብሏል። ሰውየው አተኩሮ አየው።

«እንዲህ ከሆነማ... ቅዳሜ በዚህ በኩል ብቻ የሚያነሱኝ ከሆነ ምናልባት እሄድ ይሆናል...»

ልጅት በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። «እማዬ! ነይ እይ!»

እናት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ካሜራውን ተቀበለች። ብዙ አየችው።

«ያምራል» አለች። «ግን ይሄኛውን ሰውዬ ካየሁት ሰባት ወር አለፈኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ባሏ።

«በማንኪያ ያበላሁት ያኛውን ነዋ! ከንፈሩን የጠረግኩለት፣ ‹ውሃ› ማለት አቅቶት ሲታገል አብሬው ያለቀስኩት፣ ‹ውሃ› ያለ ቀን እልል ያልኩለት ያኛው ነው። እናንተ ጥላ ውስጥ ጣላችሁት። ታዲያ እኔ ቅዳሜ ከማን አጠገብ ልቀመጥ?»

ሰውየው ተነሳና ወንበሩን በራሱ እጅ አዙሮ እንደገና ተቀመጠ፤ አሁን ለመስኮቱ የተሰጠው ግራው ነው። የከደነው ዓይን፣ የወረደው ከንፈር፣ ሁሉም ወለል ብሎ ታየ። ሚስቱን በግራው አቆማትና አገጯን በሁለት ጣቱ ያዛት።

«ዝቅ አድርጊ» አላት።

«ሂድ ወዲያ፣ በአሮጊት ይቀለዳል?» እያለች እንባዋን ጠርጋ ጎንበስ አለች፤ ጉንጯን ከዚያ ከወደቀው ጉንጭ ጋር አጋጠመች።

ልጅት ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ በደንብ ሳይታያት ነው ያነሳቻቸው።

«ላሳይህ አባዬ?»

«ተይው። ይሄን ፊት ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሊያየው አይደል?» አለ። «ይልቅ እህትሽን ጥሪያት፤ ሦስት ቀን ያስለቀስኳት ይበቃል።»