ቀይ ነጥብ ያለባት ሪሌ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «መብራት ጠፋ» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት በአባታችን አሮጌ ሞተር ሳይክል አመሻሽ ላይ ሲመጣ ኩርባው ላይ ስቶ ቦይ ገባ፤ እግሩ ተሰበረና ተጣሞ ገጠመ። «መብራቱ በድንገት ጠፋብኝ» አለ። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ማን ሊሸውደኝ። ሞተሩን ጋራዥ አስገፍቼ ማብሪያውን ብጫነው ቦግ አለ። «ተኝተህ ነው፤ መብራቱስ ከአንተ ይልቅ ንቁ ነው» አልኩት፣ እናታችን ፊት። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። የአውቶቡስ ሾፌር ሊሆን ፈተናውን አልፎ ነበር፤ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ቀረ።

ሌላም የምስቅበት ነገር ነበረኝ። የሁለት ዓመት ሴት ልጁን የምታዝለው ሁሌም ሚስቱ ናት፤ እሱ ቦርሳ ይዞ ከኋላ ይከተላል። «ወይ አባወራ» እለዋለሁ ባየሁት ቁጥር።

ሰሞኑን እናታችን ከአደጋው ወዲህ ቆሞ የቀረው ሞተር ይሸጥ አለች። ገዢው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው፤ ሞክሮት «ክላክሱም ፍሬቻውም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይለግማል» ብሎ መለሰው። ወንድሜ እያነከሰ ገፍቶ አመጣልኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ሪሌዎቹ አርጅተዋል። ሪሌ ማለት የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥቁር ነገር ናት፤ ማብሪያውን ስትጫን ቀጭ ብላ ከባትሪው ኃይል ታሳልፋለች። ሦስት አዲስ ገዛሁ፣ መቀመጫውን አነሳሁ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁ።

የክላክሷን ነቀልኩ፣ የፍሬቻዋን ነቀልኩ። የፊት መብራቱን ሪሌ ስነቅል አናቷ ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ። ክው አልኩ።

ቀዩ ነጥብ የሚስቴ የጥፍር ቀለም ነው። የተበላሸ ሪሌ ሳገኝ እንዲህ የምቀባው እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣብኝ። አደጋው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ክላክሱ አስቸግሮ ነበር። ሪሌዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የክላክሱንና የመብራቱን አቀያየርኳቸው፤ ክላክሱ ጮኸ። ጥፋቱ የሪሌዋ መሆኑን አወቅኩና ቀለም ቀባኋት። መለወጫ ግን አልነበረኝም፤ «ነገ እገዛለሁ» ብዬ መብራቱ ቦታ ላይ እንዳለች ተውኳት። ከዚያ ረሳኋት። ከአደጋው በኋላም ማብሪያውን ተጫንኩ እንጂ መቀመጫውን አላነሳሁም።

ወንድሜ በሩ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ኪሴ ብከታት ማን ያያል? እውነቱን ልናገር፣ እጄ ኪሴ ድረስ ደርሶ ነበር።

«ና እስቲ» አልኩት። ቀይ ነጥብ ያለባትን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ መብራቱን ጨለም ያለው የጋራዡ ግድግዳ ላይ አበራሁት። «ግድግዳውን እይ።»

«ምን አለ ጋሼ?»

«ዝም ብለህ እይ።»

ሩብ ሰዓት ያህል ቆምን። ሪሌዋን በጣቴ ስነካት ትፋጃለች። ድንገት ቀጭ አለችና ግድግዳው ጨለመ። ማብሪያውን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ወይ ፍንክች።

«ስትቀዘቅዝ ትሠራለች፤ ያን ጊዜ የሞከርኩት ቀዝቅዛ ነው» አልኩት። «የተበላሸችውን እዚህ የተውኳት እኔ ነኝ። ቀለሙ የእኔ ነው። አንተ እውነትህን ነበር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ ስድስት ዓመት ያጠራቀመውን ስድብ እስኪያወርድብኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። በጥፊ ቢለኝ ደስታዬ ነበር።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔኮ ተኝቼ ነበር ብዬ አምኛለሁ። አንተ ካልክ ብዬ። መጀመሪያ አካባቢ መብራቱ ሲጠፋ ትዝ ይለኝ ነበር፤ በኋላ እሱንም ሕልም ነው አልኩ።»

ሞተሩ እየሠራ ነበር፤ ማጥፋቱን ሁለታችንም ረስተነዋል። ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄን አቅፌ ቆሜ አላውቅም» አለ። «እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ከእጄ ትወድቃለች ብዬ።»