የወንድሜ ፍሬን

ጀብሪል ወንድሜን ገደለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ስል ኖርኩ፤ ሻርጃ ሆኜ በስልክ፣ መካነ ሰላም ከገባሁ በኋላ ደግሞ በአደባባይ፣ ሰው እየሰማ፣ እሱም እየሰማ። አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጠኝም። ዝምታው ራሱ ያናድደኝ ነበር። ንጹሕ ሰው እንዴት ዝም ይላል?

ፈንታሁን ታላቄ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የዚያን ቀን ከደሴ ሸቀጥ ጭኖ መጣ፤ እንደ ልማዱ እናታችን ደጅ አቁሞ ምሳውን በላና ወደ ጎጃም ሊሻገር ተነሳ። የዓባይን ቁልቁለት እንደ ጀመረ ፍሬን እምቢ አለውና ገደል ገባ። ያንን ፍሬን ከሦስት ቀን በፊት ፈትቶ የገጠመው የከተማችን መካኒክ ጀብሪል ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኔ አልፈለግሁም።

ሻርጃ ስምንት ዓመት የሠራሁት የሀብታም ልጆች በሚመላለሱበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ደህናውን መኪና ያመጣሉ፤ እኛ ደግሞ እናሳብደዋለን። ቱርቦውን በትልቅ እንቀይራለን፣ ሞተሩን ከፍተን ፒስተኑን በጠንካራ እንተካለን፣ ኮምፒውተሩን እንደገና እናስተካክላለን። ሶርያዊው አለቃችን ግን አንድ ሕግ ነበረው፤ ፍሬኑ ሳይሠራ ሞተሩ አይነካም። መሮጥማ ሞኝም ይሮጣል ይል ነበር። ይህን ባለ ቁጥር ጀብሪል ትዝ ይለኝና የያዝኩትን ቁልፍ ግድግዳ ላይ ልወረውር ይቃጣኛል።

ወደ አገሬ ስመለስ ይዣት የመጣሁት መኪና ቀይ፣ ሁለት በር ያላት፣ ባለ ቱርቦ የስፖርት መኪና ናት። ተጋጭታ የተጣለችውን በእጄ አቃንቼ፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ሳይከለከል በፊት በጅቡቲ በኩል አስገባኋት። መካነ ሰላም ስንደርስ ሰዉ ከቦን ቆመ።

"ስንት ኩንታል ትጭናለች?" አሉኝ አንድ አባት።

"ምንም።"

"ስንት ሰውስ?"

"ሁለት።"

ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩና "በቅሎዬ ትሻለኛለች፤ እሷስ ድንጋይ ትሻገራለች" ብለውኝ ሄዱ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያመጣኋት ለጭነት አይደለም።

ሐሳቤ ይህ ነበር። ፍሬኗን በእጄ አሻሽዬ፣ ሞተሯን አጠንክሬ፣ ፈንታሁን የሞተበትን ቁልቁለት ቅዳሜ ሰው እያየኝ ወርጄ እመለሳለሁ። ብዙ ሰው "መንገዱ ነው የበላው" እያለ ለጀብሪል ይከራከርለት ነበርና፣ መንገዱ እንዳልሆነ አሳያለሁ። በማግስቱ እሑድ ደግሞ ጋራዡን ዘግቶ ከከተማው እንዲወጣ ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠውልኛል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ትቼው ነበር፤ የያዝኩት ቂሙን ብቻ ነው።

መኪና ከሥሩ የሚሠራበት ጉድጓድ ያለው የጀብሪል ጋራዥ ብቻ ነው። እዚያ ከምወርድ መቃብር ብወርድ ይሻለኛል ብዬ በእናቴ ግቢ፣ ከድንች መደቡ አጠገብ፣ የራሴን ጉድጓድ በዶማ ቆፈርኩ። ሰፋፊዎቹን ዲስኮች ገጠምኩ፣ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን የፍሬን ሸራ በአዲስ ቀየርኩ፣ የላስቲኩን የፍሬን ቱቦ አውጥቼ በሽቦ የተጠለፈውን ተካሁ፣ አሮጌውን ዘይት አፍስሼ አዲስ ሞላሁ። ከቱቦው ውስጥ አየር ለማስወጣት አንድ ሰው ፍሬኑን መርገጥ አለበት። እናቴ አልታዬ ነጠላዋን አጣፍታ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከታች "ርገጪ" ስላት ትረግጣለች፣ "ልቀቂ" ስላት "በስመ አብ" ብላ ትለቃለች። ግማሽ ቀን እንዲህ ሠራን። ሻርጃ እንኳ እንደሷ የታዘዘኝ ረዳት አልነበረም።

ሞተሩን የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው። የኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ ሞተር ዳገት ላይ ያለከልካል፤ ቱርቦ ግን አየሩን አምቆ ይግተዋል። ትልቁን ቱርቦ አሰርኩ፣ የገባውን አየር የሚያበርደውን ራዲያተር ከፊት አስቀመጥኩ፣ ኮምፒውተሩን በላፕቶፕ አስተካከልኩ። መጀመሪያ ስትነሳ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን ፈንታሁን ይህን አለማየቱ ትዝ አለኝና ኮፈኑን ደርግሜ ዘጋሁት።

አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ሳይላመዱ አይታመኑም። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት በአቀስታ መንገድ ወጣሁ። መሮጥ፣ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ሳይቆሙ መልቀቅ፣ እንደገና መሮጥ፤ አሥር ጊዜ። ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው ይጨሳል። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብሎ እየነዱ ማብረድ ነው። ሁሉንም እንደ ሕጉ አደረግሁ። አብርጄ ከተማ ስገባ ጀብሪል ጋራዡ በር ላይ የባጃጅ ጎማ ይዞ ተቀምጧል። ስሙን ካጠፋሁት ወዲህ ከባጃጅና ከሞተር ሳይክል በቀር የሚያመጣለት ሰው የለም። ቀና ብሎ አየኝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ደሜ ፈላ። በምን ድፍረቱ? ነዳጁን ረገጥኩ፤ በሩ ላይ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። ዞሬ መጣሁና ደገምኩት። አምስት ስድስት ጊዜ ሳልሄድበት አልቀርም። አቧራው እሱንም ባጃጇንም ሸፈናቸው። እሱ የያዘውን ጎማ በእጁ ጠረገ። ከዚያ እስከ እናቴ ቤት ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። ዲስኮቹ እንደጋሉ፣ እኔም እንደነደድኩ፣ ግቢ ገብቼ አቆምኩ።

እናቴ የሚካኤልን ጠበል በሃይላንድ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ከወንበሬ ሳልነሳ መጥታ በፊተኞቹ ጎማዎች ላይ አፈሰሰችው። ቸስ አለ፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው፣ ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭ። ወርጄ ጎማውን ፈታሁት። የቀኙ ዲስክ ከውስጥ እስከ ጠርዙ ድረስ ፀጉር በመሰለ መስመር ተሰንጥቋል።

"ምን አደረግሽ?" ብዬ ጮኽኩባት። በእናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። "የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈሳል? ይህን ሳላይ ነገ ቁልቁለቱን ብወርድ ኖሮ ገድለሽኝ ነበር እኮ።"

ባዶውን ሃይላንድ ደረቷ ላይ አስጠጋች። "ኧረ ቀስ በል ልጄ፣ አብሽር። ጠበል ደግሞ ሰው ይገድላል? ለወንድምህስ በመጣ ቁጥር ጎማውን ሁሉ አርስለት አልነበር? ያን ቀን እንኳ የአቀስታን ቁልቁለት ወርዶ ገና ከመቆሙ፣ ጎማው ሲጨስ አይቼ ሁለት ሃይላንድ ሙሉ ነው ያፈሰስኩለት። ያ እጁ ይቆረጥና፣ ጀብሪል ነው እንጂ የጨረሰብኝ።"

የጭነት መኪና ፍሬን ወፍራም የብረት ታምቡር ነው፤ በጣም ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰበት እንደ ዲስኩ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ታምቡር ደግሞ የከተማ መንገድ ላይ ዝም ብሎ ይውላል፤ ጭነትና ቁልቁለት ሲመጣ ነው የሚበተነው። ይህን ለሰው ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ፈንታሁን ለምሳ የሚቆመው እናታችን ደጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናታችን ያለ ጠበል እንደማትሸኘው አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም፤ ጀብሪልን መጥላቱ ቀሎኝ።

"ብረቱ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ምንም። መናኛ ነው፤ ድሮም አላማረኝም። የተናገርኩትም ደክሞኝ ነው።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያልኳትን ሰምታዋለች። ደግነቱ አላመነችውም። ጓዳ ገባችና ምሳ አቀረበችልኝ፤ እኔ አልበላሁም።

በእግሬ ጋራዡ ሄድኩ። ጀብሪል ያለበስኩትን አቧራ ገና አራግፎ አልጨረሰም። "ጋሽ ጀብሪል" አልኩ። ከዚያ ወዲያ አንተ ልላቸው አልቻልኩም።

"የፈንታሁንን ታምቡር አይተውት ነበር?"

ጎማውን አስቀመጡ። "መኪናው ከገደል ሲወጣ ነበርኩ" አሉ። "የኋላዎቹ ሁለቱም ፈርሰዋል። በእጄ ስገጥማቸው ደህና ነበሩ። ውሃ ነው።"

"ከየት የመጣ ውሃ እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። ቀደም ሲል ለወንድምህ ነግሬው ነበር፤ ጎማው ሲግል አትንካው፣ ጣሪያው ላይ ትርጭ በላት ብዬ። 'ጠበልሽ ይቅርብኝ ብዬ እናቴን አላስቀይምም' አለኝ። ራሴ እንዳልነግራት፣ እስላም ሆኖ በጠበላችን ገባ ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። አላህ የሚጠይቀኝ በዚህ ነው፤ በሥራዬስ አይደለም።"

"እኔ ስሰድብዎትስ?" ድምፄ ከፍ አለ። አሁንም ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። "ልጆችዎ ፊት ነፍሰ ገዳይ ስልዎት ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? ልጇን ቀብራ የመጣችን እናት 'በእጅሽ ነው' ልበላት?"

"እሑድ ለሽማግሌዎቹ እውነቱን እነግራለሁ።"

"ትነግርና፣ 'ታዲያ ምን ገደለው?' ሲሉህ?" አሉና ጎማቸውን አነሱ። "ሂድ፣ እናትህ ጋ ምሳ ብላ።"

ቅዳሜ ወደ ቁልቁለቱ አልሄድኩም። እሑድ በቀበሌው ደጅ ተሰበሰብን። መምሬ ኪዳንና የመስጊዱ ኢማም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ናት፤ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ይህን ቀን ነው። ጀብሪል ብቻቸውን ቆመዋል። እኔ እንደ ደንቡ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ስመጣ ሰው አጉረመረመ። ድንጋይ የሚሸከመው በዳይ ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ ተበዳይ የምባለው እኔ ነበርኩ።

ጀብሪል እግር ሥር ተደፋሁ። "ጋሽ ጀብሪል ጥፋት የለባቸውም" አልኩ። "ስድስት ዓመት የተናገርኩት ሐሰት ነው። ይማሩኝ።"

"ምሬሃለሁ" ብለው ድንጋዩን ከአንገቴ አወረዱልኝ።

"ታዲያ ወንድምህን ምን ገደለው?" አሉ መምሬ ኪዳን።

"አላውቅም አባቴ።"

"እስከ ትናንት ታውቅ ነበር።"

"አላውቅም።"

እናቴ ተነሳች። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። "በምን ገዛህ?" አለችኝ። "ንገረኝ፤ የወንድምህን ደም በምን ለወጥከው?"

ድንጋዩ ካረፈበት አንገቴ ላይ አቧራ ጠረግሁ።

"ስሙን ከኔ ጋር የምታነሳልኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ሌላው ሁሉ ረስቶታል። አንተም ሸጥከው።"

ጀብሪል አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየኋቸው። ስድስት ዓመት የቻሉትን እኔ ስሰደብ ማየት አቃታቸው መሰለኝ። በዓይኔ ለመንኳቸው፤ መልሰው ዝም አሉ። እናቴ የሁለታችንን መተያየት አየች። ነጠላዋን አጣፍታ በሰዉ መሃል አልፋ ሄደች፤ ማንም አልተከተላትም።

ሌላ ቤት አድሬ በማግስቱ ሄድኩ፤ የፈታሁትን ጎማ መልሼ ገጠምኩና መኪናዋን እየገፋሁ ከግቢዋ አወጣኋት። እናቴ ደፉ ላይ ቆማ አየችኝና በሩን ከኋላዬ ዘጋችው፤ መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁ። እኔ የምጠላው ሰው አልቀረኝም። እሷ ግን አሁን ሁለት አላት።