የልብስ ሰፊው ሄልሜት

ልብስ ሰፊው ሁሴን ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ገፍቶት ከብስክሌቱ ሲወድቅ ግንባሩ ላይ ያወጣው እብጠት፣ ሳይጋነን፣ የቀወትን ሐብሐብ ያስንቅ ነበር። ሚስቱ ከዲጃ እብጠቱ እስኪሟሽሽ ታገሰችና ከገበያ ሄልሜት ይዛ መጣች። የብስክሌት ሄልሜት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስለጠፋ ያገኘችው የግንበኛ ነው፤ ቢጫ፣ እስከ ቅንድብ የሚወርድ።

«ይሄን አድርገህ ጀውሃ ደርሰህ ትመለሳለህ። መንገድ ላይ ካወለቅህ ብስክሌቷን ነገ ለጌታቸው ጎሚስታ እሸጣታለሁ።»

«በዚህ ሙቀት? አናቴ እንደ ማሾ ተቀቅሎ ይቅር?»

«ጥሬውን ከሚፈርጥ ይቀቀል። በል ማል።»

ወላሂ ብሎ ማለ። ምን ያድርግ? ያቺ ብስክሌት የደብረ ሲናን ቁልቁለት ስትወርድ ንፋሱ ራሱ እያለከለከ ከኋላ የሚከተላት ናት። ያለእሷ ሁሴን በየደጁ በእግሩ የሚኳትን ተራ ልብስ ሰፊ ሆኖ ሊቀር ነው።

ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሄልሜቱን በሲባጎ አገጩ ስር ቋጥሮ፣ አንድ ሙሽራ ሊለካ ወጣ።

ጀውሃ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከማሽላው ውስጥ ግማሽ ወረዳ ወጥቶ መንገዱን ዘጋበት። ከፊት የቆሙት ኢብራሂም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ኢንጂነር፣ እንኳን ደህና መጡ። የመብራት ምሰሶውን ሊቀይሱ ይመጣሉ ሲባል ሰምተን ስንጠብቅዎ ነበር።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁሴን፣ የሸዋ ሮቢቱ።»

«ሁሴንንማ አውቀዋለሁ» አለ አንዋር የሚባል ጎረምሳ። «ለዒድ በሰፋልኝ ሱሪ እስከ ዛሬ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። እስቲ ያውልቁትና ፊትዎን ልየው።»

ሁሴን እጁን ወደ ሲባጎው ሰደደ፤ መለሰው። ቢያወልቅ ብስክሌቷ የጌታቸው ናት፤ ሱሪውም አለ።

«መሃንዲስ ነኝ» አለ።

አንድ ሜትር ተኩል የማትሞላ ሜትሩን ዘርግቶ አስፋልቱን በክብር ለካና የአንዋርን ማሳ አመለከተ። «ምሰሶው እዚህ ይተከላል።»

«ማሽላዬ ላይ?» አለ አንዋር።

«ምን አለበት?» አለው ጎረቤቱ። «የእኔ ደጅ ከሚቆፈር።»

«ያንተ ደጅ ነው የሚቆፈረው» አለ አንዋር።

ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ አላህ ያውቃል። የበሬ ራስ የሚያህል የአፈር ጓል ተወርውሮ ቢጫው ሄልሜት ላይ ዷ አለ። ሁሴን ሙሽራውንም ረስቶ ብስክሌቷን አዙሮ ፈረጠጠ።

ቤቱ እስኪገባ ሲባጎውን አልነካውም። ከዲጃ ሄልሜቱን ፈትታ አገላብጣ አየችው። ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«አየህ? ባታደርገው ኖሮ ዛሬ ጀናዛህን ነበር የምንሸኘው።»

«ባላደርገውማ ኖሮ ማን መሃንዲስ ነው ብሎ ይወረውርብኝ ነበር?»

ሸዋ ሮቢት በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ለሁለት እንደተከፈለች ናት።

«ቃልህን ጠብቀሃል፤ ብስክሌቷ ላንተ ትቅር» አለች ከዲጃ። «ለነገ ግን ሌላ ቀለም ያለው ሄልሜት እፈልግልሃለሁ።»