የኋላ ወንበር

«እንግዲህ ማን ይዋሸን?» አሉ ጋሽ ማረው እንባቸውን በኩታቸው ጫፍ እየጠረጉ። «‹ደመናውን በእጄ ነካሁት› ሲል እኮ ፈገግ እንኳ አይልም። አያ ዘይኑ! ውሸት እንደሱ ያማረበት ሰው አላየሁም።»

ድንኳኑ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ «አስተግፊሩላህ» አለ። ጋሽ ማረው በክፋት አልተናገሩም። ከሟቹ ጋር ሠላሳ ዓመት አጥር ተጋርተው የኖሩ ናቸው፤ ሀዘኑ ከዘመድ በላይ ገብቷቸዋል። የሟቹ ልጅ ጀላል ግን አንገቱን ደፋ። የሰፈሩ የሆጤ ሰው ሦስቱንም ቀን «አብሽር» እያለ ትከሻውን በነካው ቁጥር ሰውነቱ ይሸማቀቃል። አባቱ ውሸታም እንዳልነበሩ ከእናቱ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ውሸታም ያሰኛቸውም እሱ ነው።

ጣልያን በመጣ ዘመን ዘይኑልአቢዲን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ ደሴ አውሮፕላን ሜዳ ላይ የቤንዚን በርሜል ያንከባልላሉ። ሜዳው ላይ አንዲት አውሮፕላን ነበረች። ክንፏ ድርብ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ እሱም በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ፤ ሁለት ወንበር አላት፣ ሁለቱም ጣራ የላቸውም። በደጉ ጊዜ ተማሪ ይለማመድባት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጠላት የት እንደሰፈረ ከላይ እንድታይ ተላከች። አብራሪው ማብረሩንስ ይችላል፤ የወሎን ተራራ ግን ከየት ይወቀው? ዘይኑልአቢዲን የሲራራ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ከባቲ እስከ ራያ በበቅሎ ኋላ እየሮጡ ያደጉ። «ና ውጣ» ተባሉና ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ሞተሯ ስለማያሰማ የአብራሪውን ትከሻ በቀኝ በግራ እየመቱ መሩት። ሦስት ቀን እንዲህ ወጥተው ተመለሱ። በአራተኛው አውሮፕላኗ እንደቆመች በቦምብ ተቃጠለች።

ፎቶግራፏ ግን ነበረቻቸው። የቆዳ ቆብ አድርገው፣ ከኋላ ወንበር ላይ ቆመው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ። ሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው ሲያስቀምጧት ጀላል ከልጅነቱ ያውቃል።

በ1970 የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ጀላል የቀበሌ ጸሐፊ ነበር፤ ሊቀ መንበርነቱንም አሰፍስፎ ይጠብቃል። ፎቶዋ ጀርባ ላይ የንጉሡ ማኅተም አለ። እናቱ መዲና እያየችው ምድጃ ውስጥ ጨመራት። «ለአባባ ብዬ ነው» አላት። ይሁን፣ ይችስ ለፍርሃት ትሰጥ። በሳምንቱ በውይይት ክበብ አንዱ ተነስቶ «የጓድ ጀላል አባት የንጉሡን አውሮፕላን እያወሩ ወጣቱን ያደናግራሉ» ሲል ግን ምን ብሎ መለሰ? ቤት ውስጥ አንቱ የሚላቸውን አባቱን እዚያ «እሱ» አላቸው።

«ጓዶች፣ እሱ አውሮፕላን በእግሩም አልረገጠ። እርጅና ነው የሚያስቀባጥረው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባቱ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰብሳቢው «እውነት ነው አባባ?» ሲላቸው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ «ልጄ ካለ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስለ አውሮፕላን ትንፍሽ አላሉም። ልጁም ሊቀ መንበር ሆነ። ሁለት ዓመት ከአንድ ማዕድ ሲበሉ «አፉ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ አቃተው። ለዒድ እላለሁ፣ ለመውሊድ እላለሁ ሲል አባቱ ዘመድ ሊጠይቁ ኮምቦልቻ ወርደው በዚያው አረፉ። አስከሬናቸው በጭነት መኪና የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጀላል አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። ያኔም አላላቸውም።

አሁን ሸህ በሺር የሦስተኛውን ቀን ዱኣ ሊዘጉ እጃቸውን አነሱ። «ጀመዓ፣ ሟቹ ሰው ነውና አስቀይሞን ይሆናል። አፉ በሉት።»

«አፉ ብለናል! ለአላህ ብለናል!»

«እኔም ይቅር ብየዋለሁ» አሉ ጋሽ ማረው። «ለውሸቱም ጭምር።»

ጀላል ሳያስበው ተነሳ። ከድንኳኑ በር ላይ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ ስማቸው፣ ተቀምጧል። ጀላል አየው፤ ግን አልተቀመጠም።

«አይበሉ፣ ጋሽ ማረው። አባባ አልዋሹም።»

«ተው እንግዲህ ልጄ፣ ለጨዋታ ነው...»

«ወላሂ አልዋሹም! ፎቶዋን በእጄ አቃጥያታለሁ። ስብሰባ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለወንበር ብዬ ነው። አፉ መባል ያለብኝ እኔ ነኝ፤ የሚለኝ ደግሞ የለም።»

ጓድ ስማቸው ጫማውን ፈልጎ አጠለቀና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ይህ ለጀላል ሊቀ መንበርነት ምን ማለት እንደሆነ ድንኳኑ ውስጥ ያልገባው አልነበረም። ሸህ በሺር «ዱኣ አድርግላቸው» ብቻ አሉ።

ጋሽ ማረው ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ፊታቸው ቀልቷል። «ይብላኝ ለኔ! ወሬው አውሮፕላኗ ላይ በደረሰ ቁጥር እየሳቅኩ አቋርጠው ነበር። እስቲ ንገረኝ፣ ሆጤ ከላይ ስትታይ ምን ትመስላለች አለህ?»

ጀላል አፉን ከፈተ።

«አልጠየቅኋቸውም» አለ።

ያኔ መዲና ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጣች። ፎቶዋ ስትቃጠል ዝም ያለችው መዲና ልጇን ቀና ብላ አላየችውም። ፊት ለፊቱ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ተቀመጠ። እጁን ሳበችና መዳፉን ዘረጋችው።

«እኔ ጠይቄያለሁ» አለች። በጣቷ ከመዳፉ ጫፍ ጀምራ አሰመረች። «ይኼ የጦሳ ተራራ ነው። ይኼ እየተጠማዘዘ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የቦርከና ወንዝ። ገራዶ በዚህ በኩል ነው።» አውራ ጣቱ ሥር ስትደርስ በጥፍሯ ጫን አለች። «ሆጤ ይችን ታህላለች። ሰው አይታይም ነበር።»

ጀላል ተነሳ። መዳፉን እንደተዘረጋ፣ የሚፈስ ነገር እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቀ በሰሌኑ ላይ አለፈና ጋሽ ማረው ፊት ተንበረከከ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩለት።