የተዘጋው ጠርዝ

መሐንዲሷ ሥራዋን ለእናቷ ስታስረዳ ሁልጊዜ ስፖንጅ ታነሳለች። ጉልበት ውስጥ ያለው ልስልስ አጥንት ውሃ እንዳዘለ ስፖንጅ ነው፤ ሲረገጥ ፈሳሹ በጠርዙ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ስፖንጁም ይጨማደዳል። እሷ ይህንን በኮምፒውተር ታሰላለች። እናትየውም፣ «ታዲያ የኔን ስፖንጅ መቼ ነው የምታዪልኝ?» ይሏታል።

ቀልዱ ቁም ነገር ሆነ። ሐኪሙ በእናቷ ጉልበት ውስጥ አዲስ ሰው ሠራሽ ትራስ ሊያስገባ ለሐሙስ ቀጠራቸው። ፈርተው ነበር።

«አይዞሽ እማዬ፣ ትራሱን እኔው ራሴ ያሰላሁት ነው» አለቻቸው። ሌላ ማረጋገጫ አልጠየቁም። የልጅ ቃል አይደል!

ማክሰኞ ጠዋት ለሐኪሙ የሚላክ ሥዕል ልታወጣ የትራሱን ስሌት ፋይል ከፈተችው። ክፍት አድርጋ የተወችው ጠርዝ ተዘግቷል። መውጫ ያጣ ፈሳሽ ጭነቱን ሁሉ ስለሚሸከም ትራሱ ብረት መስሏል። ጠርዙን ከፍታ እንደገና አሰላችው። ትራሱ በስሌቱ ላይ በስምንተኛው ወር ተሰነጠቀ።

የለወጠው ማን እንደሆነ በፋይሉ መዝገብ ላይ ፈለገች። የራሷ ስም! ባለፈው ወር እናቷን ልታስታምም ከሥራ ስትቀር የይለፍ ቃሏን የሰጠችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አጠገቧ ለተቀመጠው፣ «ወንድም ጋሼ» ለምትለው ባልደረባዋ። አይ ሰው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

«ጠርዙን አንተ ነህ የዘጋኸው?»

ከወንበሩ እንኳን አልተነሳም። «ትራሱን የሚያመርተው ፋብሪካ ጥሩ ውጤት ፈለገ። አንቺ ደግሞ ግትር ነሽ።»

«በኔ ስም?»

«አንቺን ያምኑሻላ።»

«የእናቴ ጉልበት ውስጥ ነው እኮ የሚገባው!»

«ስሰማ እኔም ደንግጫለሁ። ግን ብትናገሪ የምትጠፊው አንቺው ነሽ። ዝም ብትይ ይሻልሻል።»

ስልኩን አንስታ እፊቱ ደወለች።

«ዶክተር፣ የሐሙሱን ይሰርዙት። ስሌቱ ውሸት ነው።»

«ማን ነው የሠራው?»

«ስሙ የኔ ነው። እጁ ግን የኔ አይደለም።»

«እንግዲህ ይህንን ለአለቆችሽ ታስረጃለሽ» ብሎ ሐኪሙ ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ለእናቷ ደወለች። ሐሙስ እንደቀረ ብቻ ነገረቻቸው፤ ሌላውን ከየት ትጀምረው?

«ውይ፣ ያንን ምስኪን በከንቱ አደከምኩት!» አሉ እናት። «ወንድም ጋሼሽን ነው የምልሽ። ትናንት ደውሎ፣ ‹እማማ፣ ሐሙስ ሆስፒታል የማደርስዎት እኔ ነኝ› ብሎኝ ነበር። አሁን ምን ልበለው?»